ከግቢ ውጭ ጆርናል እምቢ ሲል
ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ሆኖ በሞባይል ዳታ ጆርናል የሚፈልግ የድሬዳዋ ተማሪ «ይግዙ» የሚል ገጽ ቢመጣበት የይለፍ ቃሉ አልተበላሸም። አሳታሚው የሚያውቀው የግቢውን አይፒ አድራሻ (የኔትወርኩን መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። ኢዚፕሮክሲ የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ አገናኝ ሰርቨር ተማሪውን በዩኒቨርሲቲው አካውንት አስገብቶ ጥያቄውን አሳታሚው በሚያውቀው በራሱ አድራሻ ያስተላልፍለታል፤ ስለዚህ ሊንኩ ከቤተ መጻሕፍቱ ገጽ መነሳት አለበት።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው የአሳታሚዎቹ ዶሜይኖች (የድር አድራሻዎች) ከሚዘረዘሩበት ከኢዚፕሮክሲ ማዋቀሪያ ፋይል ነው። አሳታሚው አዲስ ዶሜይን ሲጨምር ፋይሉ ውስጥ ካልገባ አብስትራክቱ ይታያል፣ ፒዲኤፉ ግን አይወርድም። መስመሩን ጽፎ ማስቀመጥም አይበቃም፤ ሰርቪሱ ሪስታርት ይደረግ። ሙከራው የግቢውን ዋይፋይ አጥፍቶ ነው፤ ግቢ ውስጥማ ፕሮክሲው ባይሠራም ይከፈታል!

አንድ አካውንት በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቆጠር ፒዲኤፍ ካወረደ አሳታሚው የፕሮክሲውን አይፒ ሊዘጋ ይችላል፤ ከግቢ ውጭ የሚገባው ሁሉ መግባት ያቅተዋል። ሎጉን (የአጠቃቀም መዝገቡን) አይቶ ያንን አካውንት ብቻ ማገድ፣ ከዚያ ለአሳታሚው መጻፍ ነው።