በየት ጎን ተኝተሽ አደርሽ?

ፎቶው በቴሌግራም የደረሰኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የላከችው የአክስቴ ልጅ ናት። «እቴቴ ትናንት ጨረሩን ጨረሰች። ጠቆር ብሏል፣ እስኪ እዪልን» ትላለች። የእኔ እንጀራ ደግሞ ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር፣ ጨረር ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ቆዳ እያየሁ ደረጃ እሰጣለሁ። ስልኬን ጠጋ አድርጌ አየሁት። ደማቅ ቅላት የለም። የተላጠም የለም። «ደረጃ 1 ነው፣ ቀላሉ፣ አብሽሩ» ብዬ መለስኩና ሳንድዊቼን ቀጠልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ደሴ ገባሁ። እቴቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ስታቅፈኝ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነው። የዚያን ቀን ግን ቀኝ ትከሻዋን ብቻ ሰጠችኝ። ግራ ክንዷን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ይዛዋለች፣ ክንፏን እንደተመታች ዶሮ።

«እንዴት ነሽ እቴቴ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያመመሽ ቦታስ?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ!»

ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ መልስ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ከአላህ ጋር እንደመጨቃጨቅ ነው። ዝም አልኩ።

የነቃሁት ቡናው ላይ ነው። እቴቴ ግራኝ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰሉ የሚቀመጠው በግራ ጎኗ ነው፤ በግራ እጇ ታራግባለች፣ በግራ እጇ ትቀዳለች። አሁን ምድጃው ወደ ቀኝ ዞሯል። በቀኝ እጇ እያራገበች አመዱን በየቦታው ትበትነዋለች። ስኒ ላይ ቡና ፈሰሰባት። ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ ማንም ነገሬ አላለውም። እኔም ደንገጥ ብዬ ዝም ብዬ አየኋት። የግራ ጎኗ የከሰል ሙቀት አይችልም ማለት ነው።

ማታ ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋሁት። ቀሚሷን ዝቅ አደረገች። ከአንገቷ አጥንት በታች በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አራት ማዕዘን ሆኖ ጠቁሯል። ጠርዙ ላይ የእሷ ጠይም መልክ ያበቃል፣ ከዚያ ከሰል ይጀምራል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ። ገና ሳልነካው ይፋጃል። ጡቷን በቀስታ ከፍ ሳደርግ ደግሞ የነጠላ ጫፍ ሥሩ ተወሽቆ አገኘሁ። እርጥብ ነው። ልስበው ስል አብሮ የሚመጣው ቆዳው ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ እያደረግኩ እስኪላቀቅ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተልጦ ሮዝ ሆኗል፣ ያዥታል። ብብቷም እንዲሁ ጀምሮታል።

ጥርሷን ነክሳ «ትንሽ ነው» አለችኝ።

ያ ፎቶ ቆማ፣ ከፊት ለፊት የተነሳ ነበር። የጡት ሥር እጥፋት በፎቶ አይታይም። ብብትም አይታይም። ጨረር የወሰደ ጡት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው፤ ላብ አለ፣ ፍትጊያ አለ፣ አየር የለም። ይህን ለተማሪዎች የማስረዳው እኔ ነኝ። ለራሴ አክስት ግን «ክንድሽን አንሺና አንድ ፎቶ ድገሚኝ» ማለት አቃተኝ።

ሌላው ጥፋቴ ቀኑ ነው። ጨረር የሚመታው ከሥር ያለውን፣ አዲስ ቆዳ የሚያመርተውን ንጣፍ ነው። ላይ ያለው አሮጌ ቆዳ ለጊዜው ደህና ይመስላል። እሱ ተራግፎ ሲያልቅ ግን ተተኪ የለም። ስለዚህ ምልክቱ የሚጀምረው ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ወዲህ ነው፤ የሚብሰው ደግሞ ሕክምናው ካለቀ 1 ወይም 2 ሳምንት ቆይቶ። እኔ «አብሽሩ» ያልኩት በማግስቱ ነው። «ገና ይብሳል፣ ተዘጋጁ» ነበር መባል የነበረበት።

የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ከተሞችም ጀምረዋል። ለእቴቴ ተራ የደረሳት አዲስ አበባ ነው። 25 ጊዜ፣ 5 ሳምንት፣ ዘመድ ቤት ፍራሽ ላይ እያደረች። ባለቀ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈረች። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ሸዋሮቢት ሲደርሱ ወበቅ። ለክብሯ ብላ ባለሽቦ ጡት መያዣ አድርጋለች። ከሚሴ እስክትደርስ ላቡ በጡቷ ሥር ሲወርድ፣ ሽቦው ሲፈትጋት፣ ጎኗ ለተቀመጠው ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን የነገረችኝ በአራተኛው ቀን ነው፣ ያውም ስለ ሹፌሩ ስታወራ በመሃል።

የቆዳ መለኪያችን እንዲህ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ ከ0 እስከ 4። 0 ምንም የለም። 1 ፈዘዝ ያለ ቅላትና ደረቅ መላጥ። 2 ደማቅ ቅላት፣ እብጠት፣ አልፎ አልፎ እርጥብ መላጥ። 3 ከእጥፋት ውጭ የተያያዘ እርጥብ መላጥ። 4 ቆዳው የቆሰለ፣ የደማ፣ የሞተ። የነጭ ሴት ቆዳ ላይ ይሠራል፤ ከበር ላይ ሆነሽ ታይዋለሽ፣ ቲማቲም ነው የሚመስለው።

እኛ ላይ ግን ቅላት ምንድን ነው? ለእቴቴ ወረቀቱን በአማርኛ ሳስረዳት ከልቧ ሳቀች። «እኔ ጠይም ነኝ፣ ቅላት ከየት ላምጣ? ቀይስ እናትሽ ነበረች!» እውነቷን ነው። እኛ ቀይ የምንለው ሰው ፈረንጅ ዘንድ ሲሄድ ጥቁር ነው። የእኛ ቆዳ ሲቃጠል ይጠቁራል፣ ይወጠራል፣ ይግላል እንጂ አይቀላም። ቅላት የሚፈልግ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። በቅርብ ዓመታት በእንግሊዝ ያለው የሙያ መመሪያ ይህን እያስተካከለ ነው፤ መጥቆርንም ቁጠሩ ይላል። እኔም አንብቤዋለሁ። ጠይም ሆኜ፣ ጠይም አክስቴን፣ በቅላት ለካሁ።

ግማሹን ታካሚዋ ራሷ የምትሞላው ሌላ መለኪያም አለ። ያማል? ያሳክካል? ያቃጥላል? ከዕለት ሥራ አገደሽ? ይላል። ጥሩ ነው። ግን ይህን ለእቴቴ ብትሰጧት አራቱም ላይ ምን እንደምትጽፍ አውቃለሁ። አልሐምዱሊላህ።

እና ጥያቄ ቀየርኩ። «ያምሻል?» ማለት ተውኩ። «በየት ጎን ተኝተሽ አደርሽ?» እላታለሁ። «ቁጭ ብዬ» ትላለች ሳታስበው። «ነጠላሽን በየት ትከሻ ጣልሽ?» «የልጅ ልጅሽን ማን አዘለ?» ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል። አንዱም ስለ ሕመም አይደለም።

በማግስቱ ሐኪም አየልኝ፤ ትኩሳት የለም፣ መግል የለም፣ ሽታ የለም። ኢንፌክሽን አልገባም። ከዚያ በኋላ ከባዱ ሥራ ጎረቤት መከላከል ሆነ። አንዷ የተነጠረ ቅቤ ይዛ መጣች። አንዷ የደላንታ ማር። አንዲት የማከብራቸው ዱበርቲ፣ ዱዓ የሚያደርጉ እናት፣ ደግሞ «የወይባ ጭስ ትሙቅ እንጂ! ወይባ የማያሽረው ምን አለ?» አሉ፣ ጉድጓዱን ሊያስቆፍሩ ምንም አልቀራቸው።

«እማ፣ ወይባስ ይሞቃል» አልኳቸው። «ግን ይሄ ቆዳ እሳት ጠግቧል።»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ዱዓ አደረጉላት። ቅቤውን ሽሮ ወጥ በላው።

ያደረግነው ብዙ አይደለም። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ። ሳይፈትጉ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ። ባልተላጠው ቦታ ሽታ የሌለው ቅባት፣ በተላጠው ላይ ምንም። እሱ ላይ ከሻንጣዬ ያወጣሁት የማይጣበቅ የሲሊኮን ፋሻ፣ እሱ ሲያልቅ ከፒያሳ ፋርማሲ የተገዛ ቫዝሊን ጎዝ። ፀሐይ የለም፣ ከሰል የለም። ጡት መያዣውን አስወለቅኳት። በምትኩ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀደድኩ። ከስንት ዓመት እጥበት በኋላ ሸማ እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቃላችሁ። አራት አጥፌ ጡቷን ከሥር ደገፍኩበት፣ እጥፋቱ ክፍት ሆኖ አየር እንዲያገኝ። ከዚያ ሁሉ ፋሻ እሷ የወደደችው እሱን ነው።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ መስተዋት አምጪ አለችኝ። ጥቁሩ ቆዳ እየተቀረፈፈ ከሥሩ ሐመር ያለ፣ ሮዝ አዲስ ቆዳ ወጥቷል። ዳር ዳሩን ጠይም ነጠብጣብ መመለስ ጀምሯል። ወዲያ ወዲህ ብላ አየችው።

«ያ ወረቀትሽ የሚፈልገው ቅላት ይኼ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ከዳንኩ በኋላ መጣ በያ!»

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወልኩ። ቡና ላይ ናት። «በየት ጎን ተኝተሽ አደርሽ?» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ እዚያ አገር ሥራ የለም እንዴ?» ብላ ስልኩን ለልጇ ወረወረችው። ስልኩ ሲዞር ምድጃውን አየሁት። በግራዋ ነው።