ሕመም እንዲሰማን የሚያደርገው ተቀባይ

ሕመምን እንደ እርግማን ብቻ የሚቆጥር ሰው ትርክ-ኤ ስለተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ቢያነብ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል። ይህ ተቀባይ ሕመምንና ሙቀትን በሚያስተላልፉ የነርቭ ሕዋሳት ገጽ ላይ ሆኖ፣ ከቆዳና ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች በጥቂት በጥቂቱ የሚመነጨውን የነርቭ ዕድገት ፕሮቲን ይጠባበቃል። ፕሮቲኑ ሲያርፍበት ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካል ይለጥፋል፤ ከዚያም ጥምረቱ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ በረጅሙ የነርቭ ጭራ ተጉዞ፣ ለሕዋሱ ዋና አካል የመኖር ፈቃድ ያደርሳል። በፅንስነት ጊዜ ይህ መልእክት ያልደረሰው ሕዋስ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

የዕድገት ፕሮቲኑን በማግኘታቸው ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የተቀባዩ ዘረ መል ሲበላሽ ሕመም የማይሰማቸውና የማያልባቸው ልጆች እንደሚወለዱ ታወቀ። እነዚህ ልጆች ሳያውቁት ምላሳቸውን ይነክሳሉ፤ በተሰበረ እግር ይራመዳሉ፤ ሰውነታቸውን የሚያቀዘቅዝ ላብ ስለሌላቸውም ትኩሳት (ለሌላው ልጅ ተራ ነገር የሆነው) ለሞት ሊያበቃቸው ይችላል።

ይህንኑ መንገድ በመድኃኒት መዝጋት የመገጣጠሚያ ሕመምን ያስታግሳል፤ ሆኖም የዕድገት ፕሮቲኑን የሚይዘው ታኔዙማብ የተባለው መድኃኒት በአንዳንድ ሕሙማን ላይ መገጣጠሚያን በፍጥነት የማፍረስ ጉዳት ስለታየበት ልማቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጧል።