አሲድን በሎሚና በቆርቆሮ ያስተማርኩበት ሳምንት

10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አሲድ የሚለው ርዕስ ላይ ስንደርስ "አሲድ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል?" ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "ሰው ፊት ላይ የሚደፋ" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣና በእንግሊዝኛ አንበለበለው። ሰማያዊ ሊትመስን (አሲድና ቤዝ የምንለይበትን ባለቀለም ወረቀት) ያቀላል፣ ከብረታ ብረት ጋር ሃይድሮጂን ይሰጣል፣ ከካርቦኔት ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አንድም አልሳተም። "ሊትመስ አይተህ ታውቃለህ?" ስለው ግን ሳቀ። የት ያያል? እኛ ጋ ያለው የሊትመስ ዕቃ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ባዶ ነው።

እንግዲህ ከጉሊት ልጀምር አልኩ።

መጀመሪያ የያዝኩት ቀይ ስር ነበር። ቀቅዬ ውሃውን በሃይላንድ ይዤ ሄድኩ። ሎሚ ጨመቅንበት። ቀይ ነበረ፣ ቀይ ሆኖ ቀረ። አቼቶ ጨመርን፤ ወይ ፍንክች። ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ብርጭቆውን አያለሁ። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የገባኝ። የቀይ ስር ቀለም ቤታላይን ይባላል፤ ሎሚና አቼቶ ብዙም አይለውጡትም። ወደ ቢጫ የሚሄደው ኃይለኛ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሲያገኘው ነው። እኔ የምፈልገው አሲድና ቤዝ ሲነካው የሚለዋወጠውን ቀለም፣ አንቶሲያኒንን ነበር፤ እሱ ደግሞ ያለው ቀይ ጥቅል ጎመን ውስጥ ነው። ቀድሜ ቤቴ ብሞክረው ኖሮ አላፍርም ነበር።

በማግስቱ ጎመኑን ከትፌ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ሐምራዊ ወጣው። በሻይ ብርጭቆዎች ቀዳሁና አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ግምቱን ደብተሩ ላይ ያልጻፈ አይጨምርም። ሎሚው ቀይ አደረገው፣ አቼቶው ሮዝ። የምድጃ አመድ በጥብጠን ያጠለልነው ውሃ አረንጓዴ አደረገው። እዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ግን ብዙ የተከራከረ የለም።

ክርክሩ የመጣው በእርሾ ነው። አንዷ ከቤቷ ሊጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ በጠርሙስ አምጥታ ነበር። ከክፍሉ ግማሹ "አይለወጥም፣ ምግብ ነው እኮ!" ብሎ ጽፏል። ጠብ ስናደርግበት ሮዝ ሆነ። "ታዲያ እንጀራ ስንበላ አሲድ እየበላን ነው?" አዎ፣ በዋናነት ላክቲክ አሲድ። ባክቴሪያዎቹ የጤፉን ስኳር በልተው የሚያወጡት ነው። "ታዲያ ለምን አያቃጥለንም?"

በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ብሄድ ይህን ጥያቄ አላገኘውም ነበር። ጠንካራና ደካማ አሲድ የሚለውን በየዓመቱ አስጽፋለሁ፤ በየዓመቱም ልጆቹ ጠንካራ ማለት ያልቀጠነ ይመስላቸዋል። አሁን ሁለቱን ለየናቸው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ሁሉም ለማለት ይቻላል ተከፍለው ሃይድሮጂን አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሃይድሮጂን) ይለቃሉ፤ ጠንካራ የሚባለው ለዚህ ነው። አቼቶ ውስጥ ካለው አሴቲክ አሲድ ግን ከ100 ሞለኪውል አንዱ እንኳን አይከፈልም፤ ደካማ ነው። የእርሾው ላክቲክ አሲድም ደካማ ነው። መቅጠንና መወፈር ሌላ ጉዳይ ነው። ሆዳችን ውስጥ ያለው ያው ጠንካራው ሃይድሮክሎሪክ ነው፣ ግን ቀጥኗል።

ብረታ ብረት ላይ ቆርቆሮ ረዳኝ። ከጣሪያ ሥራ የተረፈ አዲስ ቁራጭ ሎሚ ውስጥ ስትነክሩት፣ ላዩ የተለበጠው ዚንክ ላይ ደቃቅ አረፋ ይለጠፋል። ሃይድሮጂን ነው። ጎኑ ያስቀመጥነው የመዳብ ሽቦ ዝም አለ፤ መዳብ ሃይድሮጂንን ከአሲድ ማስወጣት አይችልም። ክብሪት ጭረን ሃይድሮጂን ሲቀጣጠል የሚያወጣውን "ፖፕ" የሚል ድምፅ ልናሰማ ሞከርን፣ አልተሳካም። ጋዙ በጣም ትንሽ ነበር።

የምቆጭበትም አለ። አንድ ልጅ የጎመኑ ውሃ ቢጫ ሲሆን ለማሳየት በረኪና ይዞ መጣ። ቤዝ ነው ብዬ ፈቀድኩ። ዞር ስል የተረፈውን ሎሚ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠው። አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ወጣ። በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። መስኮቱን ከፍተን ሁሉንም አስወጣሁ። ብርጭቆዋ ትንሽ ስለነበረች ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የማይቀላቀለውን ቀድሜ አልነገርኩም። አሁን ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። ሽንት ቤት የምታጸዱም በረኪናና አሲድ አትደባልቁ።

የመጨረሻው እንቁላል ነበር። ሰኞ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍነው፣ ማክሰኞ አቼቶውን ቀየርን። ዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ እየሆነ ይወጣል። ረቡዕ ዛጎሉ የለም፤ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ነገር ሆኗል። ከእጅ እጅ ሲዞር አምስተኛው ልጅ ዩኒፎርም ላይ ፈነዳ። ሳቁ ጋብ ሲል ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ "ቲቸር፣ ዛጎሉ ግን የት ሄደ?" አለች።

አልመለስኩላትም። አቼቶውን ሳህን ላይ አፍስሳ መስኮት ላይ እንድታስቀምጠው ነገርኳት። ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ቀረ፣ ካልሲየም አሲቴት። ሳህኑን ይዛ ስታፍ ድረስ መጣች። "ይኸው ቲቸር፣ አገኘሁት።"