ዝምታ ቀድቼ መጣሁ

ናይሮቢ ስሠራ አንድ አዘጋጅ ለዶክመንተሪ ቡንጎማ ይዞኝ ሄደ። ምዕራብ ኬንያ ነው፤ የቡኩሱዎች አገር። ድምፅ የምቀዳው እኔ ነኝ። ቡኩሱዎች ልጆቻቸውን የሚያስገርዙት በየሁለት ዓመቱ፣ የፈረንጆቹ ዓመት ቁጥር ለሁለት ሲካፈል፣ ኦገስት ላይ ነው። ካመለጠህ ድገሙልኝ የለም፤ ሁለት ዓመት ትጠብቃለህ።

አዘጋጁ ስክሪፕቱን ገና ከናይሮቢ ሳንነሳ ጨርሶታል። «የባንቱዎች ጥንታዊ ሥርዓት» ይላል፤ ቡኩሱዎች ከባንቱ ሕዝቦች ወገን ናቸውና።

በዋዜማው ያነጋገርናቸው ሽማግሌ ሌላ ነገር ነገሩን። ማንጎ የሚባል ጀግና ሰው የፈጀ እባብ ገደለ። ጎረቤቶቹ ሳባኦቶች ጀግንነቱን አይተው ገረዙት። ከዚያ ወዲህ ነው አሉ። ሳባኦቶች ደግሞ ካሌንጂን ከሚባሉት ሕዝቦች ወገን ናቸው፤ ባንቱ አይደሉም። ተረት ነው ብዬ እንዳላልፈው አብረው የተገረዙ እኩዮች የሚጠሩበት የዕድሜ ጓድ ስም አለ። ቡኩሱዎች ማይና፣ ቹማ፣ ሳዋ ይላሉ። ካሌንጂኖች ማይና፣ ቹሞ፣ ሳዌ። አዘጋጁ «ይሄ ተመልካች ያምታታል» ብሎ ዘለለው።

ማይኩን ስሰበስብ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። በስዋሂሊ ነው የምናወራው።

«ኢትዮጵያዊ ነህ አሉ። ተገርዘሃል?»

«አዎ አባባ። በተወለድኩ በስምንተኛው ቀን።»

«አለቀስክ?»

«ሕፃን ነበርኩ እኮ!»

«አለቀስክ ወይ ነው ያልኩህ።»

ዝም አልኩ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እስክንመለስ ድረስ ስሜ «አልቃሻው» ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ልጁን ከወንዝ አመጡት። ጭቃ ተቀብቷል፤ «ሲዮያዬ» ይዘፈናል። የሚገረዘው ቆሞ ነው። ፊቱን ካኮማተረ ነውሩ ለቤተሰቡም ይተርፋል። ማይኩን ዘርግቼ፣ ማዳመጫዬን አጥብቄ ጠበቅኩ። ለአፍታ ሁሉም ጸጥ አለ። የሰማሁት የሩቅ ዶሮና የራሴን ትንፋሽ ነው። ከዚያ እልልታው ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ።

ማታ አዘጋጁ ቅጂውን አዳመጠ።

«ጩኸቱስ?»

«አልጮኸም።»

«ማይክህ አላነሳውም ማለት ነዋ።»

«ዶሮዋን አንስቷል እኮ!»

እዚህ ላይ ትንሽ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። በሙያዬ ሲመጡብኝ አልወድም።

ፊልሙ ሲወጣ ልጁ ጮኸ። ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ የጎልማሳ ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ በሚያልፈው ጽሑፍ «ድምፅ» ከሚለው አጠገብ የተጻፈው የኔ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡንጎማ አልሄድኩም።