ግዙፉን ውሻ ወደ ቤት ስናመጣ

ስደት ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የቤት ጭርታን ያውቀዋል። አያት የለም፣ አጎት የለም፣ በር ከፍቶ የሚገባ ጎረቤት የለም። ልጆቼ ውሻ ሲለምኑኝ ዋናው ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የፈለጉት ቡችላ ነው፤ ከውሾች መጠለያ ይዘን የመጣነው ግን ትከሻው ወደ ወገቤ የሚጠጋ ጎልማሳ ግሬት ዴን የሚባል ግዙፍ የውሻ ዝርያ ነው።

የቀድሞ ባለቤቱ ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወር ለመጠለያ ሰጥቶት ነበር። ብዙ ግዙፍ ውሾች እንዲህ ምንም ሳያጠፉ ቤት አልባ ይሆናሉ። ጎልማሳ መውሰድ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጠባዩ አስቀድሞ ይታወቃል። ተንከባካቢዎቹን ከልጆች ጋር እንዴት እንደሆነ፣ ምግቡን ሲነኩበት ምን እንደሚያደርግ፣ ብቻውን ሲቀር ይረበሽ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቡችላ ላይ ይህን ማን ይነግራችኋል?

ዝርያው የዳበረው ጀርመን ውስጥ ሲሆን ድሮ የዱር አሳማ ይታደንበት ነበር። የኛው ግን ሰው ላይ መደገፍ ነው ሥራው። ቆማችሁ ሳለ ቀስ ብሎ ይጠጋና ሙሉ ክብደቱን እግራችሁ ላይ ይጥላል። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ ፈርታው ግድግዳ ተለጥፋ ቆመች። እሱም ወለሉ ላይ ተጋደመ፣ አገጩን መሬት አስነክቶ በዓይኑ ብቻ ተከተላት። እስክትመጣ ጠበቃት። መጣችም።

ይህ ሁሉ ፍቅር ግን ኃላፊነት አለው። እንዲህ ያለ ውሻ የሚወስድ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የሆድ መጠምዘዝን ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው አንዳንዴ በአየር ይነፋና ይዞራል፤ የደም ዝውውር ይታገዳል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ግሬት ዴን ለዚህ ችግር ከሁሉም ዝርያዎች በላይ ከተጋለጡት አንዱ ነው። ምልክቱ ሆድ መወጠር፣ ምራቅ መዝረብረብ፣ መቁነጥነጥ፣ በተለይ ደግሞ ለማስመለስ ታግሎ ምንም አለማውጣት ነው። ይህን ካያችሁ "እስከ ጠዋት እንየው" አይባልም። በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚሰፋ መከላከያ ቀዶ ሕክምና አለ፤ የኛው ተሠርቶለታል። ምግቡንም ከፋፍለን እንሰጠዋለን፤ በልቶ ወዲያው አይሮጥም።

ወፍራም መኝታም ያስፈልገዋል፤ ጠንካራ ወለል ክርኑን ያሻክረዋል። መድኃኒትና ማደንዘዣ በኪሎ ስለሚለካ የሕክምና ወጪው ከትንሽ ውሻ ይበልጣል። ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ውሻ ገመድ ሲጎትት ልጅ አይችለውም፤ ስለዚህ ውጭ ሲወጣ ገመዱን የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው። ከልጆች ጋርም ብቻውን አንተወውም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዞር ሲል ብቻ ሕፃን ሊጥል ይችላል።

አንዳንድ ወዳጆቼ "ዕድሜው ገፍቶ ለምን ወሰዳችሁት?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ግሬት ዴን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖረው። ለልጆቼም አልደበቅኳቸውም። ትልቁ ልጄ ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያ "ታዲያ ዛሬ ረጅም መንገድ እናስኬደው" አለኝ። ጫማችንን አድርገን ሦስታችንም ከሱ ጋር ወጣን።