የሌለው ውሻ

ማክሰኞ ማታ። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ሞተሯ በረንዳው ላይ ላስቲክ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። መሪዋ ወደ ግራ ዞሯል። እኔ ደግሞ ውስጥ፣ ግራ ጉልበቴን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተጋድሜያለሁ። እሷም በግራ፣ እኔም በግራ። አብረው ያረጁ ባልና ሚስት መስለናል።

ዛሬ የከፋኝ ግን ጉልበቴ አይደለም። ጠዋት ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስቼ፣ ሄልሜቱን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ በር ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ከወደቅኩ አምስት ቀን ሆኖኛል፤ እጄ ገና አልሰማም። ቁልፉን መልሼ ሰቀልኩና በእግሬ ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ "እግዜር ይማርህ" እያለ ሸኘኝ። የሰው ደግነት አንዳንዴ ያደክማል፤ በየበሩ ቆሞ ማስረዳት አለ። ሐዋሳ ሜዳ በመሆኗ ለሚያነክስ ሰው አትከፋም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አንድ አባ ኮዳ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ሲያየኝ ነበር። በሞተር ሳልፍ አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። እሱ ግን ያወቀኝ መሰለኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። እስከ ዓርብ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ።

አንደኛው ባለ ጋራዡ ጋሼ በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፉልኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሁለት የሰፈር ልጆች ሞተሯን ገፍተው አደረሱልኝ። ጋሼ ቸኩለው አያውቁም። የፊት ጎማዋን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ቆልፈው ያዙና፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ ወደ ታች አዩ፤ ጣውላ እንደሚመርጥ አናጢ። መሪውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉት፤ አልታዘዘም። አሞርዛተሩን በጥፍራቸው ሁለቴ አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ምን እንደሰሙ አልነገሩኝም። "ይቃናል" አሉ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ፤ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ፣ የፍሪሲዮን መያዣ፣ የማርሽ መርገጫ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ድረስ ከርሞ ተባረረ፣ ፍሬቻ የሚለው ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የተጣመመው ይቃናል፣ የተሰበረው ከአሮጌ ሞተር ይፈታል፣ ሁሉም ተደምሮ 14,500 ብር። በሦስት ቀን ያልቃል።

"በምን ወደቅህ?" አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

"አሸዋ ነው ጋሼ። ዝናቡ አስፋልቱ ላይ አምጥቶት..."

"አሸዋማ ረቡዕም ነበረ እኮ።"

ዝም አልኩ። ገና አልወሰንኩም ብዬ ሞተሯን መልሼ አስገፋኋት። ልጆቹ እስካሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ።

ሁለተኛው ወረቀት የኢንሹራንስ ፎርም ነው። የቢሮ ሰዎች "ምን ያስጨንቅሃል፣ ኢንሹራንስ አለህ አይደል?" ይሉኛል። እነሱ የሚያውቁት የሦስተኛ ወገኑን ነው፤ በአዋጅ 799/2005 ባለ ተሽከርካሪ ሁሉ በግዴታ የሚገባውን። እሱ እኔ ለምገጨው ሰው ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። እኔ ደግሞ የገጨሁት አስፋልት ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስም አለኝ። አስተዋይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ሞተሯን በብድር ስገዛ አበዳሪው ካልገባህ አልሰጥም ስላለ ነው። ብድሩ ካለቀ በኋላ በፍርሃት ቀጠልኩበት። ያውም በርካሽ ፍርሃት። በየዓመቱ ዋጋዋን ሲጠይቁኝ "ያው የድሮው ይሁን" እላለሁ፣ ክፍያው እንዳይጨምርብኝ። የድሮው 120,000 ብር ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ የሞተር ዋጋም ተከትሎት ሄደ። የኔን መሳይ ዛሬ 240,000 ትጠራለች። የኢንሹራንስ ውሌ ግን እዚያው 120,000 ላይ ተኝቷል።

ኢንሹራንስ ቢሮ ያገኘኋት ልጅ ይህን በፖስታ ጀርባ ላይ በስክሪብቶ ሠርታ አሳየችኝ። አልተቆጣችኝም፤ የባሰው እሱ ነው። ፕሮፎርማው በአዲስ ዕቃ 24,000 ብር ነው። "ንብረትዎን ያስመዘገቡት በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የጉዳቱንም ግማሽ ነው የምንከፍለው" አለች። 12,000 ጻፈች። "ከዚህ ላይ በውሉ መሠረት እርስዎ የሚችሉት 3,000 አለ።" 9,000 ጻፈችና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረች። ሦስት ዓመት ሳልጠይቅ በመቆየቴ ያገኘሁት ቅናሽም በሚቀጥለው ዕድሳት ይነሳል። የትራፊክ ፖሊስ ወረቀትም አምጣ ተብያለሁ፤ "ምን ሆነህ ነው?" የሚለኝ አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ደመርኩት። በኢንሹራንስ ከሄድኩ ከኪሴ 15,000። በጋሼ ከሄድኩ 14,500። ልዩነቱ አምስት መቶ ብር፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አንድ ቀን አሳ ብጋብዝ የሚያልቅ። በአንድ በኩል አዲስ ዕቃ አለ፣ በሌላ በኩል ቅናሹ አለ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሒሳቡ ራሱ "እኔን አትጠይቀኝ" ያለኝ መሰለኝ።

ለሰው የማወራው ይህን ሒሳብ ነው። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። የፎርሙ ሁለተኛ ገጽ "አደጋው እንዴት እንደደረሰ በዝርዝር ይግለጹ" ይላል። ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር። ከመስመሮቹ ሥር ደግሞ "የሰጠሁት ቃል እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።" ስክሪብቶዬ የቆመው እዚያ ጋ ነው።

ምክንያቱም እስካሁን ሦስት ዓይነት አደጋ ደርሶብኛል። ጋራዥ ውስጥ አሸዋ ነው። ቢሮ ውስጥ ባጃጅ ገባብኝ። ባጃጅ ስትሉ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም። ያላጠፉትንም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ይቅር ይበሉኝ። ለእማዬ ደግሞ ውሻ። ድንገት ገባብኝና እሱን ላድን ብዬ። ለምን ውሻ እንዳልኩ አላውቅም፤ ትንሽ ጀግና መሆን አምሮኝ ይሆናል። እማዬ ስልኩ ውስጥ ዝም አለች።

"ውሻውስ?"

"ተርፏል።"

"ተመስገን" አለች። ሁለታችንንም ያተረፈን ገብርኤል መሆኑን ነገረችኝ። ጉልበቴ ከዳነ ለሐምሌ 19 ጃንጥላ እንደምታስገባም ተሳለች። እንግዲህ በሌለ ውሻ ስለት ተሳልን። ከኢንሹራንሱ ፊርማ ይልቅ ይኼኛው ያስፈራኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ከሪፈራል ሆስፒታል በኩል ወደ መሀል ከተማ እየተመለስኩ ነበር። ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ግራ እጄ መሪው ላይ አልነበረም። አየር ላይ ነበር። ሰው እያስረዳሁበት።

ኋላዬ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የማስረዳው ወንድሜን ነው። ታላቄን። በዚያ ሰዓት እሱ አዲስ አበባ፣ ሥራው ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአባዬ ሙት ዓመት ተሰብስበን፣ እንግዳው ሄዶ ወንበር እየደረደርን ሳለ፣ "አንተማ ምን አለብህ" አለኝ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም። ወንበሩን ወንበሩ ላይ ሰካ፣ እኔም የኔን ሰካሁ። አልመለስኩለትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስመልስለት ነው የኖርኩት።

ገላዬን ስታጠብ የመጣ መልስ አለ። ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ አለ። ሄልሜት ውስጥ የሚመጡት ግን ይበልጣሉ። ሄልሜት የለበሰ ሰው ከንፈሩ አይታይም፤ ድምፁ ለራሱ ብቻ እንደ ሬዲዮ ጎላ ብሎ ይሰማዋል። አንደኛ ማርሽ ላይ ይቅር ልለው ሁሉ ይዳዳኛል። ሁለተኛ ላይ እማዬን ሐኪም ቤት ማን ሲያመላልስ እንደነበረ አስታውሰዋለሁ። ሦስተኛ ስገባ ፍርድ ቤት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የኔ ጅብ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እኔ ገና እየጮህኩ ነው። (አሁን ገባኝ ውሻው ከየት እንደመጣ።)

የዘር ነው መሰለኝ። አባዬም ብስክሌቱ ላይ ያወራ ነበር። ያኔ ሐዋሳ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነበር የሚሄደው። እኔና ወንድሜ በየተራ ኋላው ላይ እንጫናለን። ጀርባው ሸሚዙ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ፔዳሉን በመታ ቁጥር አንድ ቃል። "እሺ... እሱስ... ይሁን... ግን..." እንዲህ እያለ ቤት እንደርሳለን። እማዬ በር ላይ ሆና "ዛሬ ደግሞ ማን ተረታ?" ትለዋለች። እኛ ስቀን እንገባለን። ከማን ጋር ሲከራከር እንደኖረ አንዳችንም ጠይቀነው አናውቅም።

ሐሙስ ዕለት የመጣልኝ መልስ ግን እንደሌሎቹ አልነበረም። አጭር ነው። ስድብ የለበትም። ሰባት ስምንት ቃል ቢሆን ነው። ሲሰማው ወንበሩን አስቀምጦ እሱው ላይ ቁጭ የሚልበት። እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ በእጅ ካልታገዘ አይነገርም። ግራ እጄን አነሳሁ፣ መዳፌን ዘረጋሁ፣ "ስማኝ" አልኩት። አሸዋው ላይ ስደርስ መሪው ላይ የነበረው ቀኝ እጄ ብቻ ነው። ቀኝ እጅ ሲደነግጥ የሚጨብጠው የፊት ፍሬኑን ነው። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን የጨበጠ ሰው ምን እንደሚሆን ሞተር የነዳ ያውቃል። ጎማው መዞሩን ትቶ ተንሸራተተ፣ እኔም ተከተልኩት።

አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የፈለግኩት መልሱን ነው። ጠፍቷል። እስካሁን አላገኘሁትም። የዚያን ዋጋ የትኛው ገማች መጥቶ ይገምትልኛል?

እሁድ ደወለ። እማዬ ነግራው ነው።

"ወደቅህ አሉ።"

"ትንሽ ናት።"

"ውሻ ነው አለች።"

"አዎ።"

"ሞተሩስ?"

"ይሠራል።"

ዝም አለ። ሁለት ዓመት የተለማመድኩለት ሰው እዚያው ጆሮዬ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። "ልጆቹ ደህና ናቸው?" አልኩት። "ትንሹ አሞታል። ሌሊቱን አልተኛንም።" "እግዜር ይማረው።" "አሜን። በል እሺ።" ስልኩ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው "አንተማ" የምትለዋ ላይ ነው። "አንተማ" ውስጥ ግን "እኔማ" አለ። "አንተማ ምን አለብህ፣ እኔማ..." ብሎ ሊቀጥል ነበር? ያን ሰሞን የቤት ኪራይ ጨምረውበት ነበር። ወንበር ሲያነሳ ወገቡን የያዘም ይመስለኛል። ወይስ ወገቡን አሁን ነው የጨመርኩለት? ቀና ብዬ "አንተስ ምን ሆንክ?" ብለው ኖሮ ይነግረኝ ነበር? አሁንስ ደውዬ ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

ፎርሙ። አዎ፣ ስለ ፎርሙ ነበር የምጽፈው። የቡና ስኒ አስቀምጬበት ሦስቱ መስመሮች ላይ ክብ ወጥቶበታል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጉልበቴ ከበደኝና ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። ኋላ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ዝናቡ ላስቲኩን ይመታል። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ በስፖኪዮ አየኝ። ዘፈኑን ቀነስ አደረገው።

"ወራጅ አለ?"

አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ አየች። እኔም አየሁ። ግራ እጄ ተነስቷል፣ መዳፌ ተዘርግቷል።

"አዎ፣ እዚህ ጋ" አልኩ። ከፍዬ ወረድኩ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።