ግድግዳ ላይ ሳሙና የሰራሁ የኬሚስትሪ መምህር

ይሄ የሆነው ጳጉሜ 2010 ላይ ደብረ ማርቆስ ነው። እዛ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅርብኝ ምክንያቱም ግድግዳው አሁንም እዛው አለ።

የላብራቶሪያችን አንደኛው ግድግዳ ልስኑ ረግፎ ብሎኬቱ ገጥጦ ነበር። ነሐሴ 20 ገደማ ግንበኛ መጥቶ በሲሚንቶ ለሰነውና ሄደ፣ ቀለምም ተገዝቶ ስቶር ገባ፣ ለሚቀባው ሰው የሚከፈል ገንዘብ ግን የለም ተባለ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ሲል እኔ ሆዬ እጄን አወጣሁ፣ "ቀለም መቀባት ደሞ ምን አለው፣ ራሳችን እንቀባዋለን" ብዬ። የባዮሎጂውና የስፖርቱ መምህር ጎኔ ስለተቀመጡ ብቻ አብረው ተመዘገቡ፣ እስከዛሬም ይቅር አላሉኝም።

እውነቱን ለመናገር አጀማመራችን ጥሩ ነበር። ክፍሉ 8 በ6 ነው፣ ከታች እስከ ሜትር ተኩል ዘይት ቀለም (ተማሪ በጭቃ እግሩም በእጁም ስለሚነካው እንዲታጠብ)፣ ከዛ በላይ ውሃ ቀለም። ዙሪያውን 28 ሜትር በ1.5 አባዝቼ 42 ካሬ፣ በሩን ስቀንስ 40 ገደማ፣ ሁለት እጅ ሲቀባ 80 ካሬ፣ አንድ ሊትር 10 ካሬ ቢሸፍን 8 ሊትር ይበቃናል ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፣ ስቶር ያለው ሁለት ጋሎን ስለሆነ ልክ ነው ብለን ተጨባበጥን። አሮጌዎቹን ሦስት ግድግዳዎች ስንጥቁን በስቱኮ ሞላን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ ወለሉ ላይ አሮጌ የፈተና ወረቀት አነጠፍን። ጥጋጥጉንና የሶኬቱን ዙሪያ በብሩሽ፣ ሰፊውን በሮለር። የስፖርቱ መምህር ሮለሩን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሮ ያለ መሰላል ላዩን ሲጨርስ አይቼ ይሄ ሰው ሙያው ተሳስቶበታል ብያለሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ዘይት ቀለሙን በአኳራጅ ስናቀጥን የጽዳት ሰራተኛችን እትዬ ባልዲ ይዘው ገቡ፣ አዲሱን ልስን በመዳፋቸው ዳሰስ አርገው "አንተ ልጅ ይሄ ግድግዳ ገና ላብ አለው'ኮ" አሉኝ። እኔም "እትዬ ሲሚንቶ ነው፣ በ24 ሰአት ይጠነክራል" አልኳቸው። "መጠንከሩንስ አየሁት" አሉ፣ "እኛ ቤት ስንመርግ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን ብናስከትልበት ይሰነጠቅብናል፣ ልቀቀው ትንሽ ይተንፍስ።" የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቤት አንድ ነው እንዴ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ፣ ለሳቸው ግን እሺ እሺ ብዬ ሸኘኋቸውና ቀባሁት። ጳጉሜ 2 ነው፣ ልስኑ ገና 12 ቀኑ፣ ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይገባል፣ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አርገን ዘግተን ነው የቀባነው። ያው የቀለሙ ሽታ ጭንቅላታችንን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው።

ትምህርት ተጀመረ። ለመስቀል ሰሞን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ስታዳምጠኝ ቆይታ ልትቀመጥ ስትል ቸፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዩኒፎርሟ ከጀርባው አረንጓዴ ሆኗል። ሦስት ሳምንት የቆየ ቀለም! ጠጋ ብዬ በጣቴ ስነካው እንደ ማር ይጣበቃል፣ አንዳንድ ቦታ ተነፋፍቶ አረፋ ሰርቷል፣ አረፋውን ስጫነው ቢጫ ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ወደ ታች ወረደ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በነጋታው ወላጅ መጣ፣ ዩኒፎርሙን በኔ ደሞዝ አሰፋሁ፣ እሱን እንኳን ልለፈው።

የመጀመሪያ ሀሳቤ ቀለሙ ፎርጅድ ነው የሚል ነበር። ቱግ ብዬ ባዶውን ጣሳ ይዤ ወደ ቀለም ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ እስክጨርስ ድረስ ሰማኝና ቀስ ብሎ "ሌሎቹ ግድግዳዎችስ?" አለኝ። ሌሎቹማ ደርቀዋል፣ ጥፍር አይገባባቸውም። "ከዚሁ ጣሳ ነው የተቀቡት?" ከዚሁ ነው። ዝም አልን ሁለታችንም። ኮንትሮል ግሩፕ (ማነጻጸሪያ) ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሦስት ግድግዳ ኮንትሮል አጠገቤ ቆሞ እያለ ጣሳ ተሸክሜ ለጠብ ሄድኩ። ባለሱቁ ከሱቁ ደጅ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ጠርቶ "አያ፣ እስቲ ከመምህሩ ጋር ሂዱና እዩለት" አላቸው።

አያ ገና ከበሩ ላይ ሆነው አዩት። "ስንት ቀን ቆየ ልስኑ?" አሉኝ። 12 ስላቸው "ወይ ጉድ" ብለው ቁጭ አሉ። "መምህር፣ እኛ በበጋ እንኳ ወር እንጠብቃለን፣ በክረምት ደሞ ጨርሶ ዘይት ቀለም አናስነካውም። አዲስ ሲሚንቶ ዘይት ይበላል። በልቶ ሳሙና ያረገዋል።"

ሳሙና ሲሉ የሆነ ነገር ጭንቅላቴን መታኝ። እንዲህ ነው ነገሩ፣ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲጠነክር ካልስየም ሃይድሮክሳይድ ይለቃል፣ ትኩስ ልስን ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ጠንካራ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ማለት ነው። የዘይት ቀለም ማያያዣው ደሞ የዘይት ዘር ነው፣ ኢስተር። ኢስተርና ቤዝ እርጥበት ባለበት ሲገናኙ ሳሙናና ግሊሰሮል ይሆናሉ። ሳፖኒፊኬሽን! በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ፈተና ላይ የማወጣው፣ ያልመለሰውን የምቆጣው። ሁለት ጋሎን ገዝተን ሳፖኒፊኬሽን ሰርተናል፣ ያውም ሜትር ተኩል ከፍታ ድረስ።

አላመንኩምና ከቁም ሳጥኑ ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲነካ ሮዝ የሚሆነውን ፈሳሽ) አወጣሁ፣ የተጣበቀውን በስፓቱላ ገፍፌ ልስኑ ላይ አንድ ጠብታ ጣል ሳደርግ ወዲያው ደማቅ ሮዝ ሆነ። አሮጌው ግድግዳ ላይ ቀለሙን ፋቅ አርጌ ሞከርኩ፣ ምንም። አያ ጠብታዋን እያዩ "ይቺ ጥሩ ነገር ናት፣ ስንት ትሸጣለች?" አሉኝ። የሳቸው መመርመሪያ ሌላ ነው። አንድ ክንድ የምታህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያዋን በፕላስተር አሽገው ለጠፉና "ነገ ጠዋት እያት" ብለው ሄዱ። ጠዋት ከላስቲኳ ስር ውሃ እንደ ላብ ተንጠልጥሎ ነበር። ላብ አለው ያሉኝን እትዬን ፈልጌ አሳየኋቸው፣ እንዳላሳፍረው ብለው ነው መሰለኝ "እህ" ብቻ ብለው መጥረጊያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዛ በኋላ ያለው ጉልበት ነው። የሚጣበቀው ቀለም እንደ ደረቅ ቀለም ተፈርፍሮ አይወርድም፣ ስፓቱላው ላይ ይጠቀለላል፣ ጓንት አድርገን ሦስት ቅዳሜ ገፈፍነው፣ በውሃና በሽቦ ብሩሽ አጠብነው። እኔ ቶሎ ኖራ ቀብተን እንሸፍነው ስል አያ እምቢ አሉ፣ ኖራ እጅ ላይ ይረግፋል፣ ነገ ላዩ ላይ ሌላ ቀለም ሲመጣ ኖራውን ይዞ ይወርዳል አሉ። ስለዚህ ራቁቱን ከረመ። መስኮቱ በየቀኑ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፣ ተማሪ ዲዛይን ነው ወይ ቲቸር እያለ ያልፋል፣ እኔ እችላለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ላስቲኳን መልሰን ለጠፍን፣ ደረቅ አደረች። ፌኖልፍታሊኑን ላዩ ላይ ጠብ አረግኩ፣ ቀለሙ አልተቀየረም፣ በሚስማር ጫር አርጌ ውስጡ ላይ ስጨምር ግን ሮዝ። ቤዙን የሚያበርደው የአየሩ ካርቦንዳይኦክሳይድ የደረሰው ላይ ላዩን ብቻ ነው ማለት ነው፣ ውስጡ ገና ነው። ይሄንን ለአያ ስነግራቸው "እኔስ መች ዘይት እቀባለሁ አልኩህ" አሉና ያንን ግድግዳ ብቻ ከታች እስከ ላይ በፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ ቀቡት፣ የመጀመሪያውን እጅ በውሃ አቅጥነው። ክፍያቸውን ሦስታችን መምህራን ተዋጣን። አረንጓዴው ከሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎች ትንሽ ይፈዛል፣ ላወቀ ሰው ያስታውቃል።

አንድ ቦታ ግን ሆን ብዬ አላስገፈፍኩም፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ መዳፍ የምታክል። ከዛ ወዲህ ሳፖኒፊኬሽን ላይ ስደርስ ቁም ሳጥኑን እናንሸራትትና ልጆቹን በተራ በጣታቸው አስነካቸዋለሁ፣ ደርቃ ተጨማዳለች ግን ትታያለች። ባለፈው አንዱ "ቲቸር ማነው እንዲህ አርጎ የቀባው?" ብሎ ጠየቀኝ። ድሮ የነበረ አንድ መምህር ነው ልል አፌን ስከፍት እትዬ ከበሩ ላይ መወልወያቸውን ይዘው ቆመው ኖሯል፣

"እሱ ነው" አሉ።